ለመያዝም ለማፍረስም ያላዋጣች ከተማ፦ አልባራሲን

የተከበራችሁ አድማጮች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስፔን ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ማድሪድን፣ ባርሴሎናን፣ ግፋ ቢል ግራናዳንና ኮርዶባን ነው። የዛሬው ርእሳችን ነዋሪዋ አንድ ሺህ ገደማ ብቻ የሆነ የኮረብታ ከተማ ናት፤ አልባራሲን ትባላለች። በአራጎን ግዛት፣ ከቴሩኤል ከተማ በስተምዕራብ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ1,170 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆኑ በየጊዜው አልደግመውም።

ፎቶዋን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ቀይ ግድግዳዋንና ጠባብ መንገዶቿን ነው። ውበቷን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከእሷ የማይተናነሱ ስንት ውብ ከተሞች ፈርሰዋል። የአልባራሲን ታሪክ ቶሎ የሚገባን በሂሳብ ስናየው ይመስለኛል። በመካከለኛው ዘመን ጦር ሰብስቦ እሷን ለመያዝ የሚወጣው ወጪ ከእሷ ከሚገኘው ግብር ይበልጥ ነበር። በኋላ ደግሞ ቤቶቿን አፍርሶ አዲስ መሥራት ከነዋሪው አቅም በላይ ሆነ። በመጀመሪያው ሂሳብ ነፃነቷን አገኘች፤ በሁለተኛው አሮጌ መልኳን ይዛ ቆየች።

ከቦታው እንጀምር። ጓዳላቪያር የሚባለው ወንዝ ዝቅ ብሎ ቱሪያ ተብሎ በቫሌንሲያ በኩል ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። ይህ ወንዝ የከተማዋን ኮረብታ በሦስት በኩል ጠምጥሞ ያልፋል፤ በነዚህ ሦስት ወገኖች ገደሉ ራሱ ቅጥር ነው። ጣጣው ያለው በአራተኛው በኩል ነው። በዚያ ወገን መሬቱ ከከተማዋ በላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ጠላት ቁልቁለቱን ከያዘ ቀስተኛው እያንዳንዱን ጓሮ ቁልቁል ያያል። ስለዚህ ቅጥሩ ቤቶቹ ባለቁበት አልቆመም። ዳገቱን ሽቅብ ወጥቶ አንዳዶር የተባለውን ማማ አቅፎ ይመለሳል። ማማው ከቅጥሩ ይቀድማል፤ መጀመሪያ ብቻውን የቆመ የጠባቂ ማማ ነበር፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋ ስትሰፋ ቅጥሩ ደርሶ አገናኘው። በቅጥሩ ውስጥ የታቀፈው ዳገት አብዛኛው ዛሬም ባዶ ነው። ጎብኚዎች «ይህን ሁሉ ባዶ መሬት ለምን አጠሩ?» ይላሉ። የታጠረው መሬቱን ለመጠቀም አይደለም፤ ጠላት እንዳይቆምበት ነው።

ከምሽጉ በፊት ግን ውኃው ነበር። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ዓመተ ምሕረት ሮማውያን ከአልባራሲን አካባቢ ጀምሮ ሄአ በምትባል መንደር በኩል እስከ ሴልያ የሚደርስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የውኃ ቦይ ሠሩ። ከዚህ ውስጥ 9 ኪሎ ሜትር ያህሉ በዓለት ውስጥ የተፈለፈለ ዋሻ ነው። ልብ በሉ፣ ውኃው ለኮረብታዋ ከተማ አልነበረም። ከጓዳላቪያር ሸለቆ ተነሥቶ፣ ሁለቱን ተፋሰሶች የሚለየውን ከፍታ ከሥር አልፎ፣ ወደ ኤብሮ ወንዝ በሚፈሰው በሒሎካ ወንዝ ወገን ይወጣ ነበር። በቱሪያ በኩል ወደ ቫሌንሲያ ሊወርድ የነበረው ውኃ በሰው እጅ አቅጣጫውን ቀየረ ማለት ነው።

እንዴት ቆፈሩት? የዚያ ዘመን መሐንዲሶች ልማድ ይህ ነው። መጀመሪያ ከላይ፣ ከመሬቱ ገጽ ላይ፣ መስመሩን በእንጨት ችካል ይተልማሉ። ከዚያ በመስመሩ ላይ እየተራራቁ ቀጥ ያሉ ጉድጓዶች ወደ ታች ይቆፍራሉ፤ በዚህ ቦይ ላይ ጥልቀታቸው እስከ 60 ሜትር የሚደርስ አለ። ከእያንዳንዱ ጉድጓድ ሥር ሁለት ቡድን ጀርባና ጀርባ ሆኖ ይነሣል፣ አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ፤ ከጎረቤት ጉድጓድ ከሚመጣው ቡድን ጋር መሐል ላይ ይገናኛሉ። ጉድጓዱ አፈር ማውጫ፣ አየር ማስገቢያና አቅጣጫ መለኪያ ነው። ከአፉ ሁለት ገመድ ቱንቢ ታስሮ ይለቀቃል፤ ሁለቱ ገመዶች ሥር ላይ የሚሠሩት መስመር የዋሻው አቅጣጫ ነው። አሠራሩ ደካማ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። የጉድጓዱ አፍ ጠባብ ስለሆነ ሁለቱ ገመዶች ይቀራረባሉ፤ ሥር ላይ የጣት ስፋት የምታህል ስሕተት ሠላሳ ሜትር ከተኬደ በኋላ የክንድ ስሕተት ትሆናለች። ሁለቱ ቡድኖች እንዳይተላለፉ ዓለቱን እየመቱ ድምፁን ያዳምጣሉ። በሮማውያን ዋሻዎች ውስጥ መገናኛው አካባቢ ድንገት የሚጣመመው ግድግዳ የዚህ ምስክር ነው።

ገደል ባለበት ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ቡሮስ በሚባለው ሸለቆ ዋሻው ከገደሉ ፊት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከገደሉ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ በየመካከሉ በጎን መስኮት ተከፍቶለታል። ከላይ ጉድጓድ ከመቆፈር ይቀላል፤ ጥራጊው በመስኮቱ ወደ ሸለቆው ይጣላል፣ ብርሃንም ይገባል። ከሁሉም የሚከብደው ተዳፋቱን መጠበቅ ነበር። ቦዩ ከልክ በላይ ካዘነበለ ውኃው እየሮጠ ወለሉን ይበላል፣ ዝንባሌው ካነሰ ደለል ይተኛና ቦዩ ይደፈናል። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ሙሉ ይህን ሚዛን ጠብቆ መሄድ፣ ያውም በውኃ ልክና በዓይን ብቻ፣ ለእኔ ከከተማዋ ካቴድራል የሚበልጥ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ገዥዎቹ። የከተማዋ ስም የመጣው ባኑ ራዚን ከሚባሉት የበርበር ቤተሰቦች ነው። የሙስሊሞች መንግሥት የነበረው የኮርዶባ ኸሊፋነት በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲፈራርስ በየክፍለ ሀገሩ ያለው ባላባት ራሱን ችሎ ቆመ። በ1012 አካባቢ ሁዘይል ኢብን ኸለፍ ኢብን ራዚን እዚህ ራሱን ገዥ አደረገ። ብልኅነቱ ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ሲተላለቁ አለመግባቱ ነው፤ ግብሩን እየሰበሰበ በተራራው ተቀመጠ። ባለጠጋ ሆነ። አንዲት የተማረች ዘፋኝ ባሪያ በ3,000 ዲናር ገዛ ተብሎ በጊዜው ብዙ ተወርቶበታል።

ልጁ ዓብዱል መሊክ ከ1045 ገደማ እስከ 1103 ድረስ ቆየ። ግማሽ ምዕት ዓመት የሚያልፍ ግዛት በዚያ ዘመን ብርቅ ነው። የቆየበትም መንገድ ቀላል ነው፤ ለመጣበት ሁሉ ይገብር ነበር። በ1089 ካስቲያ ከሚባለው የክርስቲያን መንግሥት የመጣው የጦር አለቃ ኤል ሲድ በአካባቢው ያሉትን ገዥዎች ሲያስገብር በአልባራሲን ላይ በዓመት 10,000 ዲናር ጣለባት። ዲናሩ በሙሉ ክብደቱ ቢሆን ከ40 ኪሎ በላይ ወርቅ ነው፤ የዚያን ጊዜ ዲናር የተበረዘ ስለነበር እውነተኛው ከዚያ ያንሳል። ዓብዱል መሊክ ቆየት ብሎ ከአራጎን ንጉሥ ጋር በስውር መዋዋል ጀመረ፤ ኤል ሲድ በ1093 መጥቶ አገሩን ዘረፈ። በዚያ ዘመቻ ኤል ሲድ ራሱ አንገቱ ላይ ቆስሏል። ልብ አድርጉ፣ ያን ያህል የተፈራ ጦረኛ መንደሮቹን ዘረፈ እንጂ ኮረብታውን አልወጣም። የባኑ ራዚንን ቤት የጨረሱት በ1104 ከሰሜን አፍሪካ የመጡት አልሞራቪዶች ናቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር በስፔን ታሪክ ውስጥ እንግዳ ነው። በ1170 ገደማ የሙርሲያው ሙስሊም ንጉሥ ኢብን መርደኒሽ ከተማዋን ላገለገለው የናቫራ ክርስቲያን መኳንንት ለፔድሮ ሩዊስ ዴ አሳግራ ሰጠው። አሳግራ ከተቀበለ በኋላ ለካስቲያም ለአራጎንም አልገብርም አለ። በማኅተሙና በደብዳቤው ራሱን «የቅድስት ማርያም ሎሌ፣ የአልባራሲን ጌታ» እያለ ይጠራ ነበር። ሎሌነቱ ለሰማይ ከሆነ የምድር ንጉሥ ምን ብሎ ይጠይቀዋል? በ1172 ደግሞ ጳጳስ እንዲሾምለት አደረገ፤ ያውም በአራጎን ካለችው ሳራጎሳ ሳይሆን በካስቲያ ካለችው የቶሌዶ ሊቀ ጳጳስ። የአራጎን ንጉሥ ከተማዋን ቢነካ ቶሌዶ ይጮኻል፣ የካስቲያ ንጉሥ ቢነካ አራጎን ዝም አይልም። ሁለት ጎረቤት በአንድ ድንበር ላይ ሲፋጠጡ መሐል ላይ ያለው ሰው እንዲህ ይተርፋል።

የአራጎኑ ንጉሥ ሃይሜ 1ኛ በ1220 ሊይዛት መጣ። ንጉሡ ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ስለ ከበባው በኋላ ራሱ ባስጻፈው ዜና መዋዕል ተርኮታል፤ ሽንፈቱን አለመደበቁ ያስመሰግነዋል። በአንዳዶር ማማ ፊት ለፊት ድንጋይ የሚወረውር መሣሪያ ተተከለ፤ ቀደም ብዬ ያልኳችሁ ያ ብቸኛ ደካማ ወገን ማለት ነው። ችግሩ ከሰፈሩ ውስጥ መጣ። ከከባቢዎቹ መኳንንት ብዙዎቹ ዘመዶቻቸው ቅጥሩ ውስጥ ነበሩ፤ በንጉሡ ድንኳን የተመከረው ሁሉ ይሰማ ነበር። አንድ ሌሊት ከውስጥ ያሉት በድንገት ወጥተው መሣሪያውን አቃጠሉት። ሁለት ወር ያህል ከቆየ በኋላ ንጉሡ ከበባውን ፈትቶ ተመለሰ።

በ1284 የተሳካው ለልጁ ለፔድሮ 3ኛ ነው። ያን ጊዜ ከተማዋ በጋብቻ ወደ ሁዋን ኑኜስ ዴ ላራ እጅ ገብታ ነበር፤ እሱ ከፈረንሳይ ንጉሥ ጋር ስለወገነ ለአራጎን የጀርባ እሾህ ሆነ። ሂሳቡ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ አልባራሲንን መያዝ ወጪ ብቻ ነበር፤ አሁን አለመያዙ አደጋ አመጣ። ፔድሮ ቅጥሩን ለመስበር አልተጣደፈም። ከሚያዝያ እስከ መስከረም መንገዱን ዘግቶ ተቀመጠ፤ ሁዋን ኑኜስ ርዳታ ፍለጋ ወጥቶ ሳለ ከተማዋ በረሃብ እጅ ሰጠች። በ1300 በአራጎን ዘውድ ሥር ጠቅልላ ገባች። የራሷን የሕግ መጽሐፍ ግን እስከ 1598 ይዛ ቆየች።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ የነገሥታት ሳይሆን የበግና የእንጨት ነው። በዙሪያው ያለው ተራራ በክረምት በረዶ ስለሚሸፍነው እረኞች ክረምቱ ሳይገባ መንጋቸውን ነድተው ወደ ደቡብ፣ ወደ አንዳሉሲያ ቆላ ይወርዳሉ፤ በበጋው መግቢያ ይመለሳሉ። ጉዞው በእግር ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ዛሬም በእግር የሚነዱ ጥቂት ቤተሰቦች አሉ። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሜሪኖ በግ ጸጉር ጥሩ ዋጋ ያወጣ ስለነበር በከተማዋ የምናያቸው ትልልቅ የመኳንንት ቤቶች የተሠሩት በዚያ ገንዘብ ነው። ካቴድራሉም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ታደሰ። በዚህ አገር ብዙ የሠራው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ፒየር ቬደል የሞተውም እዚሁ በ1567 ነው። በነገራችን ላይ ዳሮካ በተባለችው ከተማ የጎርፍ ማስወገጃ ዋሻ የፈለፈለው፣ በቴሩኤልም የውኃ ድልድይ የሠራው እሱ ነው። ለብቻው አንድ ምሽት ይገባዋል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ከተማዋና በዙሪያዋ ያሉ 22 መንደሮች ደንና ግጦሽ በወል ይይዛሉ፤ ይህ ማኅበር ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ አልፈረሰም። በአራጎን እንዲህ ያሉ ማኅበራት ብዙ ነበሩ፤ የተረፈው ይህ ነው። ጥዱ የወል ስለነበረ ቤት ሠሪው እንጨት ከቅርቡ ያገኝ ነበር። ይህም ወደ ቤቶቹ ይወስደናል።

የአልባራሲን ቤት ሦስት ነገር ነው፤ ድንጋይ፣ ጥድና ጂፕሰም፣ ማለትም ጄሶ የሚሠራበት ድንጋይ። ምድር ቤቱ በድንጋይ ይሠራል። ከዚያ በላይ ያለው ፎቅ የጥድ ምሰሶና አግዳሚ ሆኖ መሐሉ በጂፕሰምና በድንጋይ ፍርካሽ ይሞላል፤ ውፍረቱ ከስንዝር ብዙም አያልፍም። የላይኛው ፎቅ ወለል የሚያርፍባቸው ወራጆች ከታችኛው ግድግዳ ወደ መንገዱ ወጣ ይላሉ፣ ሦስተኛው ፎቅ ከሁለተኛው፣ ጣሪያው ደግሞ ከሁሉም። በአንዳንድ መንገድ የሁለት ቤት ክፈፍ ሊነካካ ጥቂት ይቀረዋል። ምክንያቱ የቦታ ጥበት ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ጂፕሰም በውኃ ይሟሟል፤ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ሁለት ግራም ከምናምን። ትንሽ ይመስላል፤ በየዓመቱ ዝናብ የሚገርፈው ግድግዳ ግን በዚያ ልክ ይሳሳል። የወጣው ፎቅ ለታችኛው ግድግዳ ጃንጥላ ነው። ድንጋዩ ምድር ቤትም እንዲሁ፣ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ጂፕሰሙ ጋር ሳይደርስ ያስቀረዋል።

ቀዩ ቀለም ቅብ አይደለም። የአካባቢው የጂፕሰም ድንጋይ ብረት ያለበት ሸክላ አፈር የተቀላቀለበት ስለሆነ ሲቃጠል ወደ ቀይ ይሄዳል። አሠራሩ ይህ ነው። ትልልቁ ድንጋይ በእቶኑ ሥር እንደ ቅስት ይደረደራል፣ ትንንሹ ከላይ ይከመራል፣ በቅስቱ ሥር በጥድ ቅርንጫፍና በቁጥቋጦ እሳት ይነድዳል። ድንጋዩ በውስጡ የያዘውን ውኃ ሲለቅ ወደ ዱቄት የሚፈጭ ይሆናል፤ ውኃውን መልሳችሁ ስትሰጡት እንደገና ይደነድናል። የዛሬ ፋብሪካ በእኩል ሙቀት፣ ከ150 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ያቃጥላል። የጥንቱ እቶን ግን እሳቱ አጠገብ ያለውን ከልክ በላይ፣ ከላይ ያለውን ደግሞ ከልክ በታች ያቃጥላል። እንከን ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን እዚያ ላይ ነው። በደንብ ያልተቃጠለው ክፍል ቶሎ ይይዛል፣ ብዙ የተቃጠለው ቀስ ብሎ ለሳምንታት እየደነደነ ይሄዳል። የፋብሪካው በደቂቃዎች ይይዛል፣ ግን ለውጭ ግድግዳ ለስላሳ ነው።

ሲለወስ ዱቄቱ በውኃው ላይ ይነሰነሳል እንጂ ውኃ ዱቄቱ ላይ አይደፋም፤ አለዚያ ይጓጉላል። ለአንድ ኪሎ ዱቄት ከሰባት መቶ ሚሊ ሊትር የማይርቅ ውኃ ይበቃል። መያዝ ከጀመረ በኋላ ውኃ ጨምሮ እንደገና መለወስ ፈጽሞ አይሆንም፤ ከደረቀ በኋላ በጥፍር ይፈረፈራል። ለዚህ ነው ሠራተኛው በአንድ ጊዜ ጥቂት ብቻ የሚለውሰው።

ከተማዋን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የጎዳት ድህነት ነው፤ ያዳናትም እሱ ነው። የጸጉሩ ንግድ ቀዘቀዘ፣ የባቡር ሐዲዱ በቴሩኤል አለፈ፣ ወጣቱ ወደ ቫሌንሲያና ወደ ባርሴሎና ሄደ። ቤቱን አፍርሶ ሕንፃ የሚሠራበት ሰው አልነበረም። በ1937 በእርስ በርስ ጦርነቱ ሪፐብሊካኖች፣ ማለትም የሪፐብሊኩ መንግሥት ወታደሮች፣ ከተማዋን አጥቅተው መንገድ ለመንገድ ተዋግተውባታል፤ ጉዳቱ ቀላል አልነበረም። በ1961 ብሔራዊ ቅርስ ተባለች።

ከዚያ የመጣው አደጋ ሲሚንቶ ነው። በበጎ ፈቃድ የተደረገ ጥገና ከቦምብ የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል ብል ብዙም አላጋነንኩም። ጂፕሰም ሰልፌት የሚባለው የጨው ዓይነት ነው። እርጥበት ባለበት ከሲሚንቶ ጋር ሲገናኝ ኤትሪንጋይት የሚባል ማዕድን ይፈጠራል፤ ይህ ማዕድን ሲያድግ ያብጣል፣ ልስኑንም ከግድግዳው ገፍቶ ይጥለዋል። በዚያ ላይ ሲሚንቶው እርጥበቱን አስሮ ስለሚያስቀር ከጀርባው ያለው የጥድ ወራጅ ጫፉ ይበሰብሳል፤ ከውጭ ምንም ሳይታይ ፎቁ ያዘነብላል። ብረትም ሌላ ችግር ነው። በሲሚንቶ ውስጥ ያለ ብረት ከዝገት ይጠበቃል፣ በጂፕሰም ውስጥ ያለው ግን ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ያኔ ግድግዳው ይሰነጠቃል።

ጥሩ ጠጋኝ እንዲህ ይሠራል። ሲሚንቶውን በእጅ መሮ ያነሣል፤ በማሽን ቢመታው ንዝረቱ ጤነኛውን ጂፕሰም ያላቅቀዋል። ግድግዳው አንድ በጋ ይደርቃል። የበሰበሰው የወራጅ ጫፍ ብቻ ተቆርጦ በዚያው ዓይነት ጥድ ይቀጠላል፣ ሙሉው አይጣልም። አዲሱ ጂፕሰም ከመመረጉ በፊት ናሙናው በትንሽ ሰሌዳ ላይ ተቀብቶ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ እርጥቡ ከደረቁ ይልቅ ጠቆር ስለሚል በእርጥቡ የፈረደ ሰው ግድግዳው ላይ ጥፍጥፍ ያሳያል። በ1988 የተከፈተው የሙያ ማሠልጠኛና በ1996 የተቋቋመው የአልባራሲን ቅድስት ማርያም ፋውንዴሽን ከሠሩት ሁሉ እኔ የማስቀድመው ቋሚ የጥገና ቡድን ማቆማቸውን ነው። የተሰበረ የጣሪያ ሸክላ በሳምንቱ ከተተካ የአንድ ሸክላ ዋጋ ነው፤ አምስት ዓመት ከቆየ ጣሪያውና ወራጁ ሁሉ ይሄዳል።

ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ጠዋት በመጀመሪያ ወደ አንዳዶር ውጡ፤ ዳገቱ አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ ነው፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይሻላል። ከዚያ ሆናችሁ ወንዙ ኮረብታውን እንዴት እንደዞረው በአንድ ዓይን ታያላችሁ። ስትወርዱ በሞሊና በር አጠገብ ሁሊያኔታ የምትባለውን ትንሽ ቤት አትለፏት፤ ምሰሶዋ ዘምሟል፣ መስኮቶቿ አንዱ ከሌላው አይተካከልም፣ ግን ወራጆቿ ከግድግዳው እንዴት እንደሚወጡ ከዚያ የተሻለ የሚያሳይ የለም። በከተማዋ አንድ ሰማያዊ ቤት አለ፤ አስጎብኚዎች ስለ እሱ የፍቅር ታሪክ ይነግሯችኋል፣ ብታምኑም ባታምኑም ጉዳት የለውም። በቀይ ዓለቶቹ መካከል በ1892 የተገኙትን ነጫጭ የበሬ ሥዕሎች ለማየት ግማሽ ቀን ጨምሩ፤ ከ1998 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ውስጥ ናቸው። ቦዩን ለማየት ደግሞ ወደ ሄአ ውረዱ። የእጅ ባትሪና የማያንሸራትት ጫማ ያዙ፣ ዝናብ በዘነበ ማግስት አትግቡ፤ ወለሉ ላይ የሚቀረው ጭቃ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።